የእሑድ ቀትሩን ኃይል ማን ይከፍላል?

ሰላም ለሁላችሁ። ይህ ጥያቄ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛንም እንቅልፍ ነስቶን ስለነበር ረዘም አድርጌ ልመልስ። የጠያቂያችን ፋብሪካ ከግቢው ውጭ ካለ የሶላር ጣቢያ በቀጥታ ኃይል እንዲገዛ የ15 ዓመት ውል ቀርቦለታል። የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አሁን ከሚከፍሉት በአንድ ሦስተኛ ያንሳል። እንፈርም ወይስ ይቅርብን ነው ጥያቄው።

በቀረበላችሁ መልኩ ከሆነ አትፈርሙ፤ ሐሳቡን ግን አትጣሉት። የኛ ውል ዛሬም እየሠራ ነው፣ እኔም ደስተኛ ነኝ። መጀመሪያ የቀረበልንን ፈርመን ቢሆን ግን ዛሬ በየወሩ እየከሰርን ነበር።

የምሠራበት ፋብሪካ የማሸጊያ ካርቶን ያመርታል፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ሁለት ፈረቃ። ማሽኖቹ ሲሠሩ 2.2 ሜጋዋት ያህል እንስባለን። ሌሊትና እሑድ 0.3 እንኳ አይሞላም። በዓመት ሲደመር ወደ 12 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። አምራቹ ድርጅት ከጣቢያው 6 ሜጋዋት ሊሰጠን መጣ፤ በዓመት 10.5 ሚሊዮን ያመነጫል፣ «ከፍጆታችሁ 88 በመቶውን ሸፈንላችሁ» አለን። ሒሳቡ ልክ ነበር። ፋይናንስ ክፍላችንም በደስታ ተቀበለው።

ከመፈረማችን በፊት የዋናውን ቆጣሪ የአንድ ዓመት መረጃ ሰዓት በሰዓት አወጣሁት። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ነውና 8,760 መስመር ሆነ። ከጎኑ አምራቹ በየሰዓቱ ይመረታል ብሎ የላከውን ግምት ደረደርኩ፣ ከዚያ በየመስመሩ ከሁለቱ ቁጥሮች ትንሹን ወሰድኩ። በእርግጥ የምንጠቀምበት ኃይል ያ ትንሹ ቁጥር ነው። ጥሩ ፀሐይ ባለበት አንድ የሥራ ቀን፣ ቀትር ስድስት ሰዓት ላይ የእነሱ 4.8፣ የእኛ 2.2። በዚያው ቀን ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ የእነሱ ዜሮ፣ የእኛ አሁንም 2.2። እሑድ ቀትር ላይ ደግሞ የእነሱ 4.8፣ የእኛ 0.27።

ዓመቱ ሲደመር የምንጠቀምበት 6 ሚሊዮን ብቻ ሆኖ ተገኘ። ውሉ የሚለው ግን የተመረተውን በሙሉ እንክፈል ነው። የተረፈው 4.5 ሚሊዮን ያለ ምንም ተመላሽ ወደ ግሪዱ፣ ማለትም ሁሉም ወደሚጋራው የኃይል መስመር፣ ይገባል። አሁን የምትከፍሉት 100 ቢሆንና የሶላሩ 67 ቢሆን፣ 67ን በ10.5 አባዝታችሁ ለ6 አካፍሉት። 117 ይመጣል። «በአንድ ሦስተኛ የረከሰው» ኃይል ከነበረው ተወደደ ማለት ነው፤ የማስተላለፊያ ክፍያ ገና ሳይነሳ።

ስለዚህ ድርሻችንን ወደ 3 ሜጋዋት አወረድነው። በዓመት 5.25 ሚሊዮን ይመረታል፣ ከዚህ 4.5 ሚሊዮኑን እንጠቀምበታለን፣ በዚያው ስሌት 78 ይሆናል። የሸፈነልን ከፍጆታችን 38 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ለማስታወቂያ አያምርም፣ ለኪስ ግን ይበጃል። የናንተን ሳላይ መጠን ልነግራችሁ አልችልም፤ ሦስት ፈረቃ ያለ ዕረፍት የምትሠሩ ከሆነ ከኛ የበለጠ መውሰድ ትችላላችሁ። አንዳንድ አገር ደግሞ ያልተጠቀማችሁበት ኃይል ለወሩ ወይም ለዓመቱ እንዲያዝላችሁ ሕጉ ይፈቅዳል። የናንተ ከፈቀደ ስሌቱ ይለወጣል፣ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

በ78ቱ ላይ ደግሞ የመስመር ባለቤቱ የሚጠይቀው የማስተላለፊያ ክፍያና በመንገድ ላይ የሚባክነው ኃይል ይደመራል። ጣቢያው ላይ 100 ቢመረት እናንተ ዘንድ 100 ሆኖ አይቆጠርም። ዋጋው የተሰላው በየትኛው ቆጣሪ ነው፣ በጣቢያው ወይስ በናንተ? ይህ ውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። የማስተላለፊያ ታሪፉ በስድስተኛው ዓመት ቢጨምር ማን እንደሚሸከመውም እንዲሁ። 15 ዓመት ረጅም ነው፣ ታሪፍም ሕግም ይለወጣል። ደቡብ አፍሪካ ያለ ፈቃድ ሊገነባ የሚችለውን የግል ማመንጫ መጠን በ2021 ከ1 ወደ 100 ሜጋዋት ከፍ አደረገች፣ በ2023 ጣሪያውን ጭራሽ አነሣችው። ሕንድ በ2022 ደንቧ ታዳሽ ኃይልን በቀጥታ ለመግዛት የሚጠየቀውን ዝቅተኛ መጠን ከ1 ሜጋዋት ወደ 100 ኪሎዋት አወረደች። እነዚህ ለገዢ የተመቹ ለውጦች ናቸው፤ የማይመች ለውጥም ይመጣል።

አሁን ዋጋ ያስከፈለንን ስህተት ልንገራችሁ። በሁለተኛው ዓመት የግቢያችን ትራንስፎርመር ተቃጠለና ዘጠኝ ቀን ሥራ ቆመ። በወሩ መጨረሻ የዘጠኙም ቀን የሶላር ሒሳብ ሙሉ በሙሉ መጣብን። ስንከራከር አምራቹ አንቀጹን አሳየን፤ ጣቢያው ለማምረት ዝግጁ ሆኖ ገዢው በራሱ ችግር ካልተቀበለ እንደተቀበለ ይቆጠራል ይላል። አንብበነው ነበር፤ ትርጉሙ የገባን ግን ስንከፍል ነው። ጣቢያውን ያበደሩት ባንኮች ስለሚፈልጉት ይህን አንቀጽ ሙሉ በሙሉ ማስወጣት ይከብዳል። በዓመት ለተወሰኑ ቀናት ነፃ እንድትሆኑ ግን ተደራደሩ። እኛ ዘግይተንም ቢሆን አግኝተነዋል። መስመሩ በግሪዱ ባለቤት ትእዛዝ ሲዘጋ ማን እንደሚከፍልም ለይታችሁ አጽፉ፤ ያ የናንተ ጥፋት አይደለምና።

ሌላው፣ የመብራት ሒሳባችሁ ላይ ለከፍተኛ ጭነት፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ለሳባችሁት ትልቁ ኃይል፣ የሚከፈል ካለ እሱ አይቀንስም። የኛ ማሽኖችና መብራቶች አብረው የሚስቡት ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ሶላሩ ከዚያ ክፍያ አንዲት ሳንቲም አላነሳልንም። የፋይናንስ ሰዎቻችሁ ቁጠባውን በጠቅላላ ሒሳቡ ላይ አስልተው ከሆነ ያስተካክሉት።

«ታዲያ አምራቹ በየሰዓቱ እኩል ኃይል ያቅርብልን ብንለውስ?» የሚል ይኖራል። ይቻላል፣ ባትሪ ይጨምርበታል ወይም የጎደለውን ከገበያ ገዝቶ ይሞላል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ገበያ ላይ ተማምኖ ርካሽ ቃል የሚሰጣችሁን ግን ፍሩት። በየካቲት 2021 ቴክሳስ በበረዶ ስትመታ፣ በየሰዓቱ የተወሰነ መጠን ለማቅረብ ቃል የገቡ አንዳንድ የነፋስ ጣቢያዎች ተርባይናቸው ቀዝቅዞ ቆመባቸው። የጎደለውን በሜጋዋት ሰዓት እስከ 9,000 ዶላር በደረሰ ዋጋ መሙላት ነበረባቸው። አቅራቢያችሁ ከወደቀ የውሉ ርካሽነት ምን ይጠቅማችኋል?

ጠያቂያችን በመጨረሻ መብራት ሲጠፋ ሶላሩ ያድነናል ወይ ብለዋል። አያድንም። ኃይሉ የሚመጣው በዚያው በለመድነው መስመር ነው፤ መስመሩ ከጠፋ የሶላር ጣቢያው በጠራራ ፀሐይ እያመረተም ቢሆን ፋብሪካችሁ ይጨልማል። ጄኔሬተራችሁን እንዳትሸጡ።

የአሥራ ሁለት ወር የቆጣሪ መረጃ ከኃይል አቅራቢያችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ እኛ ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። የፈረቃችሁን ሰዓትና የዕረፍት ቀናችሁን እዚህ ጻፉልኝ። ፋይሉ እጃችሁ ሲገባ እንዴት እንደሚደረደር አብረን እናየዋለን።