ሞተሪኖው ይዞራል፣ መኪናው ግን ዘግይቶ ይነሳል

ጥያቄ፦ የምነዳው የ2003 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ነው፤ ቤንዚን። ጠዋት ልጆቼን ትምህርት ቤት ላደርስ ስል ቁልፉን ይዤ ስድስት ሰባት ሰከንድ ካልቆየሁ አይነሳም። ከተነሳ በኋላ ምንም የለውም። ቀን ሱቅ ገብቼ በአሥር ደቂቃ ስመለስ ቁልፉን እንደነካሁት ይነሳል። ቢሮ በር ላይ ውሎ ማታ ስወጣ ግን እንደ ጠዋቱ ያስቸግረኛል። ባትሪ አዲስ ገዛሁ። ካንዴላ አስቀየርኩ። ሞተሪኖውን አስፈትቼ አሠራሁ። ለውጥ የለም። አሁን አንድ ጋራዥ «ኮምፒውተሩ ነው፣ ይቀየር» ብሎኛል። ባልደረባዬ ደግሞ ከማስነሳቴ በፊት ቁልፉን ሦስት ጊዜ ኦን እያደረግኩ እንድመልሰው መክሮኝ ነበር፤ እሱም አልሠራም። ምን ይሻለኛል? (ከአያት)

መልስ፦ እህቴ፣ ኮምፒውተሩን እንዳያስነኩት። ደብዳቤዎን ሁለቴ አነበብኩት፤ የመልሱ ግማሽ እዚያው ውስጥ አለ። አሥር ደቂቃ ሲቆም ወዲያው ይነሳል። ስምንት ሰዓት ሲቆም ያስቸግራል። የተበላሸ ኮምፒውተር አሥር ደቂቃና ስምንት ሰዓት ለይቶ አያውቅም። መኪናው በቆመ ቁጥር ቀስ እያለ የሚጎድል ነገር አለ ማለት ነው። እኔ የምጠረጥረው የቤንዚኑን ግፊት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቤንዚን ፖምፓው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ሰልባትዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ ተቀምጧል። ፖምፓው ላይ ቤንዚን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ቫልቭ አለ። ሞተሩን ሲያጠፉ ያ ቫልቭ ይዘጋና መስመሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን ከነግፊቱ ይዞ ያቆየዋል። በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፍ ሲመቱ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ በሚረጩት ኢንጀክተሮች ደጃፍ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። ቫልቩ ካረጀ ግን ቤንዚኑ ቀስ በቀስ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። በአሥር ደቂቃ ብዙም አይጎድል። ሲያድር ግፊቱ ያልቃል። ስለዚህ ጠዋት ሞተሪኖው ሲዞር ፖምፓው መስመሩን እንደ አዲስ ይሞላል። እነዚያ ስድስት ሰባት ሰከንዶች የሚያልፉት በዚህ ነው።

የባልደረባዎ ምክር መጥፎ አይደለም። ለብዙ መኪኖች ይሠራል፤ ቁልፉ ኦን ሲሆን ፖምፓው ለሁለት ሰከንድ ያህል ሠርቶ መስመሩን ይሞላል። እንደ እርስዎ ባሉ በብዙ የዚያ ዘመን ቶዮታዎች ግን ፖምፓው ኦን ላይ አይንቀሳቀስም። ኮምፒውተሩ ፖምፓውን የሚያዘው ሞተሩ መዞሩን ሲያይ ነው። ይህን ራስዎ ማረጋገጥ ይችላሉ። ጸጥ ባለ ሰዓት አንድ ሰው የኋላ ወንበር ላይ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ መቀመጫው ያስጠጋ። እርስዎ ቁልፉን ኦን ብቻ ያድርጉ። «ዝዝዝ» የሚል ቀጭን ድምፅ ካልተሰማ፣ ያ ሙከራ ለእርስዎ መኪና አይሆንም።

በምትኩ ነገ ጠዋት እንዲህ ያድርጉ። ቁልፉን መትተው ሁለት ሦስት ሰከንድ ብቻ ያዙሩና ባይነሳም ይልቀቁት። እስከ አምስት ይቁጠሩ። እንደገና ይምቱት። በሁለተኛው ወዲያው ከተነሳ የመጀመሪያው ዙር መስመሩን ሞልቶታል ማለት ነው። ሦስት ጠዋት ይሞክሩትና ይጻፉት። ወረቀቱን ለመካኒክዎ ይስጡት። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሲገጥመኝ ግማሽ ቀን ይተርፈኛል።

ከዚያ የቤንዚኑ ግፊት በጌጅ (በግፊት መለኪያ) ይለካ። ይህን ሳያስለኩ ፖምፓ አይግዙ፤ እስካሁን ያወጡት ገንዘብ ሁሉ ያለ ልኬት የወጣ ነው፣ እኔንም የሚያናድደኝ እሱ ነው። በእርስዎ መኪና ሞተሩ እየሠራ ከ44 እስከ 50 ፒኤስአይ ማሳየት አለበት። ከጠፋ በኋላ ለ5 ደቂቃ ቢያንስ 21 ፒኤስአይ መያዝ አለበት። እየሠራ ደህና ሆኖ ሲጠፋ መርፌው ዓይንዎ እያየ ከወረደ፣ ጥርጣሬዬ ልክ ነው። መስመሩ ሲፈታ ግፊት ያለው ቤንዚን ይፈናጠራል። ሲጋራ፣ ብልጭታ፣ የጋለ ሞተር አጠገቡ እንዳይኖር፤ የእሳት ማጥፊያ ቅርብ ይሁን።

መርፌው ሲወርድ ጥፋቱ የግድ የፖምፓው ላይሆን ይችላል። የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተርም ግፊት ያወርዳል። ልዩነቱ ሲነሳ ይታያል። ኢንጀክተር ከሆነ ሌሊቱን ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሲገባ ስለሚያድር ጠዋት እየተንቀጠቀጠ፣ ጥቁር ጭስና የቤንዚን ሽታ ይዞ ይነሳል። ካንዴላው ቢፈታ ርጥብ ነው። እርስዎ «ከተነሳ በኋላ ምንም የለውም» ስላሉኝ ሚዛኔ ወደ ፖምፓው ያደላል።

የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ያለው ሰው ካገኙ ሁለት ነገር ይይልዎ። አንደኛ፣ ያደረ መኪና ላይ የራዲያተሩ ውኃ ሙቀትና ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ ቁጥር ማሳየት አለባቸው። አያት በጥቅምት ጠዋት አሥራ ምናምን ዲግሪ ሆኖ የውኃው ሴንሰር 60 ካለ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሩ የሞቀ መስሎት ቤንዚን ይቆጥባል፤ ያም ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ሞተሪኖው ሲዞር የዙር ቁጥሩ ወዲያው መታየት አለበት። ለሰከንዶች ዜሮ ላይ ከቆየ የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረውን የክራንክ ሴንሰር ይጠርጥሩ።

ባትሪውን በተመለከተ ጭንቀትዎን ይተዉት። ባትሪ ሲደክም ሞተሪኖው እየጎተተ፣ እያቃሰተ ነው የሚዞረው። በጉልበት እየዞረ የማይነሳ መኪና ችግሩ ሌላ ነው።

አንድ የደረሰብኝን ልንገርዎ። የታክሲ ሥራ የሚሠራ ልጅ ልክ እንደ እርስዎ ያለ ኮሮላ አመጣልኝ። ለካሁት፣ ግፊት አይዝም። አዲስ ፖምፓ ገጠምኩ። በማግስቱ ጠዋት ደወለልኝ፤ ያው ነው። እንደገና ፈታሁት። ፖምፓው ፊልትሮው ላይ የሚሰካበት ቦታ አንዲት የጣት ቀለበት የማታክል ጥቁር የጎማ ማሸጊያ፣ ኦሪንግ፣ አለች። ሳስገባት ታጥፋ ጠርዟ ተቆርጧል። ቤንዚኑ በእሷ በኩል ተመልሶ ሰልባትዮው ውስጥ ይፈስሳል፤ ውጭ ጠብ የሚል ነገር የለም። ልጁ የሁለት ቀን ሥራው ቀረበት፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ኦሪንጓን ሁሌ በአዲስ እቀይራለሁ፣ ጥቂት ቤንዚን ቀብቼ በእጄ እያሽከረከርኩ አስገባታለሁ። ለመካኒክዎም ይንገሩት። ሙሉውን መያዣ ሳይሆን ፖምፓውን ብቻ መቀየርም ይቻላል። ያገለገለ ፖምፓ ከሶማሌ ተራ እንዲገዙ ግን አልመክርም፤ ቫልቩ የእርስዎን ያህል ያረጀ ሊሆን ይችላል።

ፖምፓው ከተቀየረ በኋላ ደግሞ ሰልባትዮውን ሁልጊዜ መብራቱ እስኪበራ አያድርቁት። ፖምፓውን የሚያቀዘቅዘው በዙሪያው ያለው ቤንዚን ነው። እስኪሠራ ድረስም ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ በላይ አያዙሩት፤ ይግላል።

ጥያቄ፦ የእኔ የናፍጣ ፒክአፕ ነው፣ አሮጌ። ጠዋት ብዙ ዞሮ ነው የሚነሳው። ያው ችግር ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ናፍጣ ሌላ ነው፤ የደብረ ብርሃን ጠዋትም ሌላ ነው። ሞተሪኖው ሲዞር አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭስ ማውጫውን ይይልህ። ነጭ ጭስ እየወጣ ካልተነሳ፣ ናፍጣው ደርሷል፤ የጎደለው ሙቀት ነው። ከመነሳቱ በፊት ሞተሩን የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎች አስፈትሽ። ጭስ ከሌለ ናፍጣው አልደረሰም። ፊልትሮው ላይ ያለችውን የእጅ ፖምፓ ጠዋት ከማስነሳትህ በፊት ተጫናት። ለስላሳ ሆና ብዙ ጊዜ ከተጫንካት በኋላ ከጠነከረች፣ ከዚያም መኪናው ወዲያው ከተነሳ፣ መስመሩ አየር እያስገባ ነው። ከሰልባትዮው እስከ ፊልትሮው ያሉትን የጎማ ቱቦዎችና ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ተመልከት። የደረቀና የተሰነጠቀ ቱቦ ሁሌም ናፍጣ አያፈስም፤ አየር ግን ይስባል።