ስለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች አስተያየት ለምን አይገጥምም?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ የ12ኛ ክፍል ፈተናዋን አልፋ ወደ አንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። ከቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ስለሌለ በሰፈራችን ያሉትን ተማሪዎች ስጠይቅ ሰነበትኩ። አንደኛው «ሰው የምትሆነው እዚያ ነው፤ ምንም አያስቡ» አለኝ። ሁለተኛዋ ከእሱ ጋር በአንድ ዓመት እዚያው የገባች ሆና ሳለ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ውኃውና ስለ መምህራኑ ያልነገረችኝ ክፉ ነገር የለም። ሦስተኛው «እንደ ሰዉ ነው» ብሎ ዘጋው። የማንን ልመን? ልጄንስ ምን ብዬ ልሸኛት? (አባት፣ ከደጀን)

መልስ፦ የተከበሩ ወላጅ፣ ከሦስቱ አንዳቸውም የዋሹዎት አይመስለንም። ሁሉም በአንድ ስም ይጥሩት እንጂ የኖሩበት ቦታ አንድ አይደለም። ለምሳሌ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ቀድሞ ለየብቻ የነበሩት የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩትና የመምህራን ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው የተመሠረተ ነው፤ ተማሪው ዛሬም ግቢዎቹን «ፖሊ» እና «ፔዳ» እያለ ይጠራቸዋል፤ ግብርና የሚያጠናው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ዘንዘልማ ነው ያለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ሥራ ከጀመረ ወዲህ እየሰፋ ሄዶ በስድስት ኪሎ፣ በአምስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎና በጥቁር አንበሳ ሲያስተምር፣ የእንስሳት ሕክምናው ቢሾፍቱ ይገኛል። ቢሾፍቱ የኖረ ተማሪ ስለ ስድስት ኪሎ ዶርም የሚያውቀው እርስዎ ከሚያውቁት ብዙም አይበልጥም። ሆኖም ሁለቱም ሲጠየቁ «ዩኒቨርሲቲያችን» ብለው ነው የሚጀምሩት።

በአንድ ግቢ፣ እንዲያውም በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚኖሩት እንኳ ላይስማሙ ይችላሉ። ውኃ በሚቆራረጥበት ግቢ ግፊቱ ሲቀንስ ውኃው መጀመሪያ የሚጠፋው ከላይኛው ፎቅ ነው። አራተኛ ፎቅ የደረሳት ልጅ ሌሊት ተነሥታ ጄሪካን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ፣ ምድር ላይ ያለችው ጠዋት ፊቷን ከቧንቧው ታጥባ ክፍል ትገባለች። የመጀመሪያዋ «ውኃ የለም» ብትል እውነቷን ነው፤ ሁለተኛዋም «ውኃ አለ» ብትል እንዲሁ። ተደራራቢ አልጋዎች በገቡባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ስድስት ወይም ስምንት ልጆች ይኖራሉ፤ አንዲቱን ሶኬት በኤክስቴንሽን ይካፈላሉ፤ መብራት የሚጠፋበትን ሰዓትና የጽዳቱን ተራ ተነጋግረው ይወስናሉ። እነዚህ ልጆች ከተግባቡ ሌላው ችግር ሁሉ ይቀልላል፤ ካልተግባቡ ደግሞ የተሟላ ግቢም ይጨንቃል። «ሰው የምትሆነው እዚያ ነው» ያለዎት ልጅ ደግ የዶርም ጓደኞች እንደደረሱት እንገምታለን።

የተጠየቁበትም ጊዜ ይለያያል። ፋይናል ሊፈተን ሌሊቱን ሲቸክል ያደረ ተማሪና ጋውን ለብሶ ፎቶ የተነሣ ተመራቂ ስለዚያው ካፌ፣ ማለትም ስለ ተማሪዎች መመገቢያ አዳራሽ፣ የሚናገሩት ለየቅል ነው። የገቡበትም ዓመት እንዲሁ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የፍሬሽማን (የአንደኛ ዓመት የጋራ) ትምህርት ስለተመለሰ አዲስ ገቢው እንደ ቀድሞው በቀጥታ ዲፓርትመንት አይገባም፤ ሎጂክን፣ ሳይኮሎጂን፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊን የመሳሰሉትን የጋራ ትምህርቶች ወስዶ ነው በውጤቱ የሚመደበው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናው አለ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያላመጣ ተማሪ ኮርሶቹን በሙሉ ቢያልፍም ዲግሪውን አይቀበልም። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተመረቀ ዘመድ የሚሰጥዎት ምክር ስለ ሰዉና ስለ ግቢው ሊጠቅም ይችላል፤ ስለ ትምህርቱ አካሄድ ግን አሁን ያሉትን መጠየቅ ይሻላል።

«ግቢው እንዴት ነው?» ብለው ከጠየቁ የሚያገኙት መልስ የጠያቂውን ልብ የሚያሳርፍ ወይም የሚያስፈራ እንጂ የሚረዳ አይሆንም። ልጅዎ ከምትገባበት ግቢ፣ ቢቻል የሁለተኛ ዓመት የሆነች ሴት ተማሪ ፈልገው ውኃ በምን ሰዓት እንደሚመጣ፣ ላይብረሪው እስከ ስንት ሰዓት እንደሚከፈትና ሴቶች ከዚያ ወደ ዶርማቸው በምን መንገድ እንደሚመለሱ፣ የታመመ ተማሪ ክሊኒክ ሲሄድ ምን እንደሚገጥመው ይጠይቋት። በፈተና ሰሞን ንጋት ላይ ላይብረሪ የደረሰ ሰው፣ በየጠረጴዛው ላይ ባለቤት የሌላቸው ደብተሮች ተቀምጠው ያያል፤ ቦታ ለመያዝ የተተዉ ናቸው። ይህን የምታውቅ ልጅ የጥናት ቦታዋን ቀድማ ታመቻቻለች፤ የማታውቀው ግን ቁርሷን በልታ ስትደርስ መቀመጫ ታጣለች።

ከተማሪዎች ቅሬታ ሁሉ እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የምግቡ ሳይሆን የመረጃው ጉዳይ ነው። ሽሮው ቢቀጥንም ተማሪው ከጓደኛው ጋር ተካፍሎ፣ አንዳንዴም ላውንጅ ወጥቶ ያልፈዋል። የምዝገባ ቀን ያለፈበት፣ ወይም ታምሞ የዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቋረጫ) ቅጽ ሳይሞላ ወደ አገሩ የሄደ ተማሪ ግን ሲመለስ በየኮርሱ ኤፍ ተመዝግቦ ሊጠብቀው ይችላል። ሐቀኛና ጎበዝ ልጆች በአንዲት ፊርማ ምክንያት ዓመት ሲያጡ ማየት ያማል። ስለዚህ ልጅዎን ሲሸኙ ከሁሉ አስቀድመው የሚነግሯት ይህ ይሁን፤ ችግር ቢገጥማት፣ ብትታመም፣ ቤት ውስጥ ሐዘን ቢሆን እንኳ፣ ለዲፓርትመንቷና ለሪጅስትራሩ (ምዝገባንና ውጤትን ለሚይዘው ቢሮ) በጽሑፍ ሳታሳውቅ ከግቢ አትውጣ።

ለጉዞዋ ዩኒቨርሲቲው የሚያወጣውን ማስታወቂያ በጥንቃቄ ያንብቡ። ብዙውን ጊዜ የሚጠየቁት የትምህርት ማስረጃዎች ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ናቸው። ምድቧ ደብረ ብርሃን ከሆነ ብርድ ልብሱ አንድ ብቻ አይበቃም፤ ባሕር ዳር ከሆነ ግን ስለ ብርዱ ብዙ አይጨነቁ።

አንድ ነገር አደራ እንልዎታለን። በየትምህርት ቤቱ አንደኛ ሲወጡ የነበሩ ልጆች በመጀመሪያው ሴሚስተር ሲ ሲያገኙ ይደነግጣሉ። ትምህርቱ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፤ መምህሩ በስም አያውቃቸውም፤ በአንድ አዳራሽ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ነው። ይህን ድንጋጤ ለቤተሰብ መናገር የፈራ ተማሪ ብቻውን ይይዘዋል፤ ሁለተኛውም ሴሚስተር እንዲሁ ይበላሽበታል። ስትደውል አስቀድመው «ውጤትሽ እንዴት ነው?» አይበሏት። በልታ እንደሆነ፣ ማን ጓደኛ እንደሆናት፣ የሚያስቸግራት ሰው እንዳለ ይጠይቋት። የሚያስቸግራት ሰው ቢኖር፣ ያ ሰው መምህርም ቢሆን፣ በዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ፆታ ጉዳይን የሚከታተል ክፍል እንዳለና አባቷም ከጎኗ እንደሆነ ከመሄዷ በፊት ከእርስዎ አንደበት ትስማ።

ጥያቄ፦ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሲኒየሮቻችን «ካፌ አትግቡ፣ ኖን-ካፌ ውጡ» ይሉናል። በግቢው ካፌ መመገብ ትተን የምግቡ ገንዘብ በእጃችን የሚሰጠን ከሆነ የኮስት ሼሪንጉ (የወጪ መጋራቱ) ዕዳ ይቀንስልናል ወይ? (ተማሪ፣ ከጎንደር)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይቀንስልህም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በወጣው የወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ተማሪው የሚጋራው የትምህርቱን ወጪ 15 በመቶ እንዲሁም የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ ነው፤ ክፍያውም ከተመረቅህ በኋላ ከገቢህ የሚሰበሰብ ነው። የምግቡን ድርሻ ከካፌ ብትበላውም በጥሬ ገንዘብ ብትቀበለውም በምትፈርመው ውል ላይ ይሰፍራል። ልዩነቱ የሚመጣው በኑሮህ ላይ ነው። የሚሰጥህን ገንዘብ የሚወስነው መንግሥት ሲሆን የእንጀራውን ዋጋ የሚወስነው ግን ገበያው ነው፤ ክፍያው የዘገየ ወር ደግሞ የምትበላው ከኪስህ ነው። ስለዚህ የመከሩህን ሲኒየሮች ከቤታቸው በየወሩ ምን ያህል እንደሚላክላቸው ሳታፍር ጠይቃቸው። የማይላክላቸው ሆነው ኖን-ካፌ የሚኖሩ ካሉ የእነሱን አኗኗር ቀርበህ እይ፤ ከሌሉ ግን ምክሩ ለአንተ የሚሆን አይደለምና ሚል ካርድህን (የካፌ መመገቢያ ካርድህን) ያዝ።

ጥያቄ፦ ሦስተኛ ዓመት ነኝ። በየሴሚስተሩ መጨረሻ መምህራንን የምንገመግምበት ቅጽ ይሰጠናል። አብዛኛው ተማሪ ሳያነብ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነጥብ ሞልቶ ይመልሳል፤ ግሬድ የቀነሰበት ደግሞ ይበቀልበታል። እኔ ባለፈው ዓመት አስተያየቴን በዝርዝር ጻፍኩ፤ የተለወጠ ነገር ግን አላየሁም። እንዲያውም ጓደኞቼ «ጽሑፍሽ ይታወቃል፣ ተጠንቀቂ» አሉኝ። የተማሪ አስተያየት ዋጋ አለው ወይ? (ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ እህታችን፣ ዋጋ አለው፤ ዋጋውን የሚያሳጣው ግን ሰብሳቢው ነው። ተማሪን አስተያየት ጠይቆ፣ የተባለውን ሳይነግረው፣ ምን እንደተሻሻለና ምን ለምን እንዳልተሻሻለ ሳያስረዳው በቀጣዩ ሴሚስተር ያንኑ ቅጽ የሚያድል ክፍል፣ ተማሪውን ሳያነብ እንዲሞላ ራሱ እያስተማረው ነው። ይህን በተማሪው ስንፍና ማሳበብ ተገቢ አይደለም ብለን እናምናለን። በአገራችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ድምፅ ቀላል ነገር ሆኖ አያውቅም፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች ያነሡት ጥያቄ ከአሥር ዓመት በኋላ የገጠር መሬት ዐዋጅ ወጥቶበታል። የዛሬው ተማሪ ጥያቄ ስለ ላብራቶሪ ዕቃና ስለ ክፍለ ጊዜ መባከን ቢሆንም፣ መደመጥ የሚገባው ነው።

የጓደኞችሽ ፍርሃት መሠረተ ቢስ ነው አንልም። በእጅ የሚሞላ ቅጽ ክፍል ውስጥ መምህሩ ባለበት ከተሰበሰበ ማንም ይፈራል፤ ይህ በግልጽ ሊነሣ የሚገባው ስሕተት ነው። ሆኖም አስተያየት የሚጻፍበት መንገድ ለውጥ ያመጣል። «መምህሩ አይችልም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ለዲፓርትመንት ኃላፊው ምንም አያደርግለትም፤ ለመምህሩም ስድብ ነው። «ከ16ቱ ሳምንታት ውስጥ አራቱን ሳንማር ቀረን፤ ምትክ ክፍለ ጊዜ አልተሰጠንም፤ ፈተናው ግን ካልተማርነው ምዕራፍ ወጣ» የሚለው ግን ሊጣራ የሚችል ነው፤ ኃላፊውም አላየሁም ሊል አይችልም። ጥሩ ያስተማረንም መምህር በዚሁ ጥንቃቄ ጻፊለት። ሃንድአውት አንብቦ የሚወጣና ሰሌዳ ሞልቶ፣ ጥያቄ ተቀብሎ፣ ቢሮው ድረስ አስገብቶ የሚያስረዳ መምህር እኩል ነጥብ ሲያገኙ የሚጎዳው ሁለተኛው ነው።

የግሬድ ቅሬታን ግን ከግምገማው ለይተሽ ያዢው። ውጤትሽ ተሳስቷል ብለሽ ካመንሽ በቅጹ ላይ መበቀል ግሬዱን አይመልሰውም። መጀመሪያ መምህሩን የፈተና ወረቀትሽን እንዲያሳይሽ ጠይቂው፤ ካልተስማማችሁ ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ አመልክቺ። የቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ስለሆነ ውጤቱ በተለጠፈ ሰሞን መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

የክፍሉ ሁሉ የሆነን ችግር ደግሞ አንቺ ብቻሽን አትሸከሚው። የክፍል ተወካያችሁ ነገሩን በአንድ ገጽ ጽፎ፣ የተስማማችሁ ሁሉ ፈርማችሁበት፣ ለዲፓርትመንቱ በመዝገብ ቤት በኩል ይግባ፤ ግልባጩም ለተማሪዎች ኅብረት ይድረስ። ወረቀቱን ለጸሐፊዋ አስቀምጣችሁ አትመለሱ። ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፉበት፤ አንድ ኮፒ ያዙ፤ መልስ ከዘገየም ያንኑ ቁጥር ጠቅሳችሁ ለኮሌጁ ዲን ጻፉ።