ብራይተን ዳር ያለው ኮረብታ ላይ ቁጥቋጦው ለምን ይመነጠራል?

ወንድሜ፣ «ከተማው እየሰፋ አረንጓዴ ቦታ ባነሰበት ሰዓት ኮረብታው ላይ ያለውን ዛፍ እየቆረጡ በግ ያሰማራሉ፤ መትከል አይሻልም ወይ?» ብለህ ጠይቀሃል። አገር ቤት አፈሩ የታጠበ ተራራ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ሳውዝ ዳውንስ የሚባለው ይህ የደቡብ እንግሊዝ ኮረብታ ከሥር ጠመኔ ድንጋይ ነው። በተዳፋቱ ላይ ያለው አፈር ብዙ ቦታ ስንዝር አይሞላም፣ ውሃ ቶሎ ያሰርጋል፣ ለምነት የለውም። ሀብቱም ይኸው ድህነቱ ነው። ጉልበተኛው ሣር ሌላውን ውጦ ማስቀረት ስለሚያቅተው፣ ጥሩ ቦታ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ ከ30 በላይ የዕፅዋት ዓይነት ይቆጠራል። ሣሩን ለዘመናት አጭር አድርጎ ያቆየው በግ ነው። በጉ እየቀነሰ ሄደ፤ በ1953 ሚክሶማቶሲስ የሚባለው በሽታ ገብቶ ሣሩን ይግጥ የነበረውን ጥንቸል ሲፈጀው ደግሞ ተዳፋቱን ሆውቶርንና ብላክቶርን የሚባሉ እሾሃማ ቁጥቋጦዎች ወረሱት። አዶኒስ ብሉ የምትባለውን ሰማያዊ ቢራቢሮ ብንወስድ፣ እንቁላሏን የምትጥለው ሆርስሹ ቬች በሚባል ተክል ላይ ብቻ ነው፤ እሱም ሣሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ሆኖ ፀሐይ መሬቱን የሚያሞቅበት ቦታ ላይ ያለውን ትመርጣለች። ጥላ ካረፈበት አለቀ።

ምንጠራው ወፎች ጎጆ በማይሠሩበት ወቅት፣ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ ይካሄዳል። ሁሉም አይጠረግም፤ ለወፍና ለንፋስ መከለያ የሚሆን ይተዋል። ብዙ ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ከቆረጣው በኋላ ነው። ጉቶው ወዲያው ፀረ አረም ካልተቀባ፣ በአንዱ ግንድ ፋንታ በሚቀጥለው ዓመት ብዙ ቀንበጥ ያወጣል። የተቆረጠውም እዚያው ከተከመረ ሲበሰብስ መሬቱን ያዳብረዋል፤ ሳማ ከበቀለበት ነገሩ እንደተበላሸ እወቅ። ስለዚህ ከሣሩ ላይ ይነሳል፤ ማቃጠል የግድ ከሆነም ከመሬት ከፍ ባለ ቆርቆሮ ላይ ተቃጥሎ አመዱ ይጠረጋል። የታጨደ ሣርም እንዲሁ ነው፤ አጭዶ መተው ካለማጨድ ብዙም አይሻልም።

በግ ባብዛኛው በመኸርና በክረምት ይገባል፤ በጸደይና በበጋ አበባው ዘር እንዲያፈራ ይተዋል። መጠኑ እንደ ሣሩ ይለያያል። በዓመት አማካይ ሲሰላ በሄክታር 2 ወይም 3 በግ ቢሆንም፣ የሚሻለው በርከት አድርጎ አስገብቶ፣ ሲግጡ ቆይተው ወደ ሌላው ክፍል ማዞር ነው። ዓመቱን ሙሉ ከተተዉ ጣፋጩን እየመረጡ ሻካራውን ይተዉታል።

ከተማው ሲሰፋ የሚመጣው ትልቁ ጣጣ፣ በእኔ ግምት፣ ከቤቱ ይልቅ ውሻው ነው። ቤልጅየም ውስጥ ጌንት አካባቢ በ2022 የወጣ ጥናት፣ ውሾች በሰገራና በሽንታቸው መሬቱን የሚያዳብሩትን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በዓመት በሄክታር 11 ኪሎና 5 ኪሎ እንደሚጥሉ አስልቷል። ፎስፈረሱ ያለው ሰገራው ላይ ስለሆነ ካነሳኸው ከሞላ ጎደል ይቀራል፤ ናይትሮጂኑ ግን ግማሽ ያህሉ በሽንት ይገባል። ከረጢቱን አስሮ ቁጥቋጦ ላይ ማንጠልጠልማ ምን እንደሚሉት አላውቅም።

መትከል ካማረህ መንገድ ዳርና መናፈሻ አለልህ፤ ብራይተን በኤልም ዛፎቿ የታወቀች ከተማ ናት። ኮረብታው ላይ መርዳት ከፈለግህ ደግሞ ካውንስሉ (የከተማው አስተዳደር) በጎችን በየቀኑ የሚያዩ በጎ ፈቃደኞችን ያሠለጥናል። መጀመሪያ ቁጥራቸውን ትቆጥራለህ፤ ከዚያ ውሃቸውን፣ አጥሩ ላይ ኤሌክትሪክ መኖሩን፣ የሚያነክስ ወይም ተነጥሎ የቆመ መኖሩን ታያለህ። በሞቃት ወራት ጅራቱን እያወዛወዘ ጎኑን የሚነክስ ካለ ዝንብ እንቁላል ጥላበት ትል ጀምሮት ይሆናል፤ በዚያው ቀን ለኃላፊው ደውል። በጀርባው ተገልብጦ እግሩን የሚያወራጭ ካገኘህ ግን ስልክ አታስቀድም፤ ሆዱ በጋዝ ተነፍቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ስለሚችል ፀጉሩን ይዘህ ገልብጠው፣ መቆም እስኪችልም ደግፈህ ያዘው።