የጭቃ መከላከያ ሪሞት መኪናን ከጭቃ ያድናል? ጥያቄና መልስ

ለዚህ የጥያቄና መልስ ጊዜ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ አንድ ጉዳይ ላይ ያተኩራሉ፤ ይኸውም ከጎማ ኋላ የሚንጠለጠለው ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ መከላከያ ከአስፋልት ውጭ የሚነዳን ሪሞት መኪና በእርግጥ ንጹሕ ያደርገዋል ወይ የሚል ነው። ንጹሕ አያደርገውም፤ ሆኖም ጭቃው የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጣል፣ ይህም በአግባቡ ከተሠራበት ትልቅ ጥቅም ነው። በምሳሌነት ብዙ ጊዜ የምጠቅሰው የ1/10 መጠን ያለውንና እ.ኤ.አ. በ2008 ለገበያ የቀረበውን ትራክሳስ ስላሽን ነው፤ ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ወይም ለእርሱ የቀረበ መኪና ስለምትነዱ መልሱን ከእጃችሁ ካለው ጋር ለማነጻጸር ይቀላችኋል።

ጥያቄ፦ ለአራቱም ጎማዎች መከላከያ ገዝቼ ገጠምኩ። ዝናብ በመታው ሜዳ ላይ ነድቼ ስመለስ ግን መኪናው እንደ ቀድሞው በጭቃ ተለውሶ ነበር። አገጣጠሜ ስህተት ይሆን?

መልስ፦ አገጣጠምዎ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ከመከላከያው የተጠበቀው ነገር ነው ከአቅሙ በላይ የሆነው። የስላሽ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር በሚሄድበት ጊዜ በጎማው ጠርዝ ላይ ያለ ጭቃ ሳይፈናጠር እንዲቆይ የሚያስፈልገው ኃይል ከራሱ ከጭቃው ክብደት 230 እጥፍ ያህል ይሆናል። በዚያው ፍጥነት የሚሄድና ጎማው 66 ሴንቲ ሜትር የሆነ እውነተኛ የቤት መኪና ላይ ግን ይህ ቁጥር 40 እንኳ አይሞላም። ጎማው ባነሰ ቁጥር በተመሳሳይ ፍጥነት ቶሎ ቶሎ ስለሚሽከረከር፣ በእውነተኛ መኪና ጎማ ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ጭቃ በእኛ መኪና ላይ ይወረወራል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተወረወረ ጠብታ የአየር ግጭት ባይኖርበት ኖሮ 6 ሜትር ከፍታ በደረሰ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ የሚወረወርበት አቅጣጫ ነው። መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ የጎማው የኋላ ገጽ ከመሬት ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ጭቃው ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ከጎማው ጀርባ ተነሥቶ ወደ ላይ ይተኮሳል፣ የቦዲውን (የላይኛውን የፕላስቲክ ሽፋን) ጣሪያ ከውስጥ ይመታል፣ ከዚያም ተመልሶ ሻንሲው (ዕቃው ሁሉ የሚታሰርበት ወለል) ላይ፣ ሞተሩ ላይና ባትሪው ላይ ይወድቃል። ከኋላ የተንጠለጠለው መከላከያ የሚይዘው ዝቅ ብሎ የሚወጣውን ክፍል ነው። ከዚህ በተጨማሪ የጎማው ጥርሶች ወደ ጎን የሚረጩት፣ ጎማው የውኃ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ተጨፍልቆ በግራና በቀኝ የሚፈናጠረው፣ እንዲሁም የሻንሲው ሆድ ራሱ መሬቱን እየላገ የሚሰበስበው አለ። መከላከያው በእነዚህ በሦስቱ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ የሚበቃው ለአንድ ጥንድ ብቻ ነው። ለፊት ጎማዎች ልግዛ ወይስ ለኋላ?

መልስ፦ ለፊት ይግዙ። የኋላ ጎማ የሚወረውረው ጭቃ በአብዛኛው የቦዲውን የኋላ ክፍል ያበላሻል፤ ይህ ለዓይን ደስ ባይልም በውኃ ታጥቦ የሚሄድ ነው። የፊት ጎማ የሚወረውረው ግን በቀጥታ ወደ መኪናው ውስጥ፣ ማለትም መሪውን ወደሚያዞረው ሰርቮና ወደ ፍጥነት መቆጣጠሪያው ይገባል። መኪናዎ አራቱም ጎማዎች የሚነዱት ከሆነ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠነክራል፤ ምክንያቱም የሪሞቱን የፍጥነት መስጫ ሲጫኑ የፊት ጎማዎቹም በቦታቸው እየተንሸራተቱ ስለሚሽከረከሩ ከመኪናው ፍጥነት በላይ ይወረውራሉ። የኋላ ጎማዎቹ ብቻ በሚነዱት ስላሽ ላይ የፊቶቹ ዝም ብለው ስለሚንከባለሉ ነገሩ ይለዝባል፤ የሆነ ሆኖ ምርጫዬን አይለውጠውም።

ጥያቄ፦ ጎማውን በሚይዘው የሱስፔንሽን ክንድ ላይ የሚታሰረውና በቦዲው ላይ የሚታሰረው ምን ልዩነት አላቸው?

መልስ፦ በክንዱ ላይ የሚታሰረው ከጎማው ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ በጣም ተጠግቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ የሾክ አብዞርበሩን ዘንግም ከጠጠርና ከአሸዋ በደንብ ይጠብቃል። ይህ ዘንግ ሲቧጠጥ የዘይት ማኅተሙ ይቀደድና ሾክ አብዞርበሩ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ ስለዚህ የመከላከያ ትልቁ ውለታ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በቦዲው ላይ የሚታሰረው ደግሞ ሱስፔንሽኑ እስከ መጨረሻው ሲታመቅ ጎማው እንዳይነካው ሰፊ ክፍተት መተው ስላለበት ጭቃው በዚያው ክፍተት ያልፋል። ስላሽን የመሰሉ የአሜሪካን የውድድር ፒክአፖች አምሳያ የሆኑ መኪኖች ቦዲያቸው ጎማዎቹን ከላይ ስለሚሸፍን ፓራፋንጎ አብሯቸው የተፈጠረ ያህል ነው፤ ጎማቸው ገላጣ የሆነ ትልልቅ ጎማ ያላቸው ሞንስተር ትራኮችን ግን ይበልጥ የሚጠቅማቸው በክንዱ ላይ የሚታሰረው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ዕቃውን ከውጭ ማስመጣት ዋጋው አይቀመስም። በእጅ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ በሚገባ ይቻላል፤ በእጅ የተሠራው ከተገዛው የሚያንስበትም ምክንያት የለም። ጥሩው ጥሬ ዕቃ የአሮጌ የመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ ነው፤ ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም፣ ድንጋይ ሲመታውም ተመልሶ ቦታውን ይይዛል። ጠንከር ያለ ነገር ከፈለጉ የቢጫ ጄሪካን ጎን ተቆርጦ በሙቀት ሲለሰልስ የጎማውን ቅርጽ ይይዛል። ቆርቆሮ ግን አይጠቀሙ፤ አንድ ጊዜ ከታጠፈ ጎማውን እንደ ቢላ ይከትፈዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስቀድመው በወፍራም ወረቀት ልኩን ያውጡ። ባትሪውን አውጥተው መኪናውን በእጅዎ እስከ መጨረሻው ወደ መሬት ይጫኑት፤ እንደ ተጫነም መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩትና ጎማው የሚደርስበትን ቦታ ሁሉ ወረቀቱ ላይ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ምልክት ላይ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ተጨማሪ ክፍተት ይተዉ። ይህ ክፍተት ለጭቃው ማለፊያ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ብሩሽለስ (ካርቦን የሌለው) ሞተር ባላቸው መኪኖች ላይ ለስላሳ ጎማ በከፍተኛ ፍጥነት ሲሽከረከር በራሱ ኃይል ተለጥጦ ስለሚያድግ፣ ቆሞ ሲለካ የማይነካው መከላከያ በሩጫ ላይ ሊነካው ይችላል። ላስቲኩን በክንዱ ላይ በሁለት የፕላስቲክ ማሰሪያዎች ይሰሩ፤ ክንዱን በስተው ብሎን አያስገቡ፤ የተበሳ ክንድ በመጀመሪያው ኃይለኛ ምት ከቀዳዳው ላይ ይሰበራል። የታችኛው ጫፍ ከመሬት ከጎማው ቁመት ሲሶ ያህል ከፍ ቢል ይበቃል፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ሣርና ድንጋይ ይይዘዋል።

ጥያቄ፦ የእኛ ሰፈር መሬት ዋልካ ነው። መከላከያ ከገጠምኩ ወዲህ ሞተሩ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል። ግንኙነት ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ አለው፤ መከላከያዎቹን ዛሬውኑ ቢፈቱ ይሻላል። ዋልካ ሲረጥብ የሚያብጥና እርስ በርሱ የሚጣበቅ ሸክላማ አፈር በመሆኑ ከጎማው ተወርውሮ መከላከያው ላይ ሲያርፍ አይወርድም፤ በላዩ ላይ ይደረባል፣ ክፍተቱን ይሞላል፣ በመጨረሻም ጎማውን እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ሞተሩ ይህን ሁሉ እየጎተተ ሲሠራ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ ሙቀቱም እንዲሁ። ሞተሩ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪው ደግሞ ከ60 ዲግሪ እንዳያልፍ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ርካሽ የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ለዚህ ከማንኛውም መከላከያ በፊት ሊገዛ የሚገባው ዕቃ ነው። በዋልካ ላይ የሚረዳዎት ጥርሱ ሰፋ ሰፋ ያለና ጭቃውን ራሱ የሚያራግፍ ጎማ፣ እንዲሁም በየጥቂት ደቂቃው ቆሞ በእንጨት መጥረግ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁም በቀዩ ሸክላ አፈር ላይ ስትነዱ ይኸው ችግር ሊገጥማችሁ ይችላል።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምኖረው፤ የምነዳውም በረሃ አሸዋ ላይ ነው። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ ሾክ አብዞርበሮቹን ከሚፈናጠር አሸዋ በመጠበቅ ጥቂት ይጠቅማል። ደቃቁን አቧራ ግን አያስቆመውም፤ እርሱ ተወርውሮ የሚመጣ ሳይሆን በመኪናው ዙሪያ ከሚሽከረከረው አየር ጋር የሚገባ ነው። ሞተሩ ላይ ያለው ትንሽ ጥርስ (ፒኒየን) እና እርሱ የሚያዞረው ትልቁ ጥርስ የሚሸፈኑበት ክዳን በቦታው መኖሩን ያረጋግጡ፤ መካከላቸው የገባ አሸዋ ፕላስቲኩን ጥርስ በአጭር ጊዜ ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣ ክሮለር ነው ያለኝ። እንደ እውነተኛ መኪና እንዲመስል መከላከያ ላድርግለት?

መልስ፦ ለመልክ ከሆነ ያድርጉለት፤ ለንጽሕና ከሆነ አያስፈልግም። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር በሚሄድ ክሮለር ጎማ ላይ ጭቃውን የሚገፋው ኃይል ከክብደቱ 4 እጥፍ እንኳ ስለማይደርስ ጭቃው አይወረወርም፣ ጎማው ላይ ተጣብቆ ይዞራል። አንድ ነገር ግን ያስተውሉ፦ ወደ ኋላ ሲሄዱ ላስቲኩ ከጎማው ሥር ገብቶ ይነቀላል። በእውነተኞቹ መኪኖች ላይ እንደሚደረገው ጫፉን በቀጭን ሰንሰለት ወይም ክር ወደ ኋላ መወጠር ይህን ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ከኋላ ሰፊ መከላከያ ከገጠምኩ በኋላ መኪናው ሲዘል አፍንጫውን ወደ ላይ ይሰቅላል። ለምን ይሆን?

መልስ፦ የስላሽ ዓይነት ቦዲ ከሥሩ ክፍት ስለሆነ ድሮም አየር እየያዘ እንደ ጃንጥላ ይነፋል፤ ተወዳዳሪዎች የቦዲውን የኋላ ክፍል የሚበሱት አየሩ እንዲወጣ ነው። እርስዎ ደግሞ መውጫውን በሰፊ ላስቲክ ዘጉት። ላስቲኩን ከጎማው ስፋት እንዳይበልጥ አድርገው ይቁረጡ፣ መሐሉንም ክፍት ይተዉ። ለዝላይ ብቻ በሚወጡበት ቀን ቢያወልቁት የተሻለ ነው።

ጥያቄ፦ እንግዲህ መከላከያ ካላጸዳው ምን ያጸዳዋል?

መልስ፦ የመኪናውን ውስጥ የሚጠብቀው ሻንሲውን ከላይ የሚሸፍን ጨርቅ ነው። ውኃ የማያስገባ ቀጭን ጨርቅ ከፊት እስከ ኋላ ሻንሲውን ሸፍኖ በዳርና ዳር በሚጣበቅ ማሰሪያ ሲያያዝ፣ ከቦዲው ጣሪያ ተመልሶ የሚወድቀው ጭቃ ጨርቁ ላይ ይቀራል። ጉዳቱ ሙቀትን አፍኖ መያዙ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ያለበትን ክፍል በመረብ መተካት ወይም ክፍት መተው፣ የሙቀት ልኬቱንም ማዘውተር ያስፈልጋል። ሁለተኛው ዘዴ ከመውጣት በፊት የቦዲውን ውስጥና የሻንሲውን ሆድ ሲሊኮን ስፕሬይ መቀባት ነው፤ ጭቃው እንዳይመጣ ባያደርግም ሲታጠብ በቀላሉ እንዲለቅ ያደርጋል። ጎማው ላይ እንዳይረጩ ይጠንቀቁ።

ከነዱ በኋላ አሸዋማ ጭቃ ከሆነ አድርቀው በብሩሽ ያራግፉ፤ ሸክላማ ከሆነ ሳይደርቅ ኃይል በሌለው ውኃ ይጠቡ። ቦዲው ፖሊካርቦኔት ስለሆነ አሴቶንና ቲነር ያሰነጥቁታል፤ የሳሙና ውኃ ብቻ ይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ለልጄ ውኃ የማያስገባ የተባለ መኪና ገዛሁለት። ከጭቃ ሲመለስ በግቢ የውኃ ጎማ በኃይል እየመታ ያጥበዋል። ይህ ይጎዳዋል?

መልስ፦ አባት ሆይ፣ ልጁን አይከልክሉት፤ ዕቃውን ራሱ ማጽዳቱ ደስ የሚል ነው፤ የአስተጣጠቡን መንገድ ግን ያስተካክሉለት። ውኃ አያስገባም የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን፣ ሰርቮውንና የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ሪሲቨር ያለበትን ሳጥን ነው። ሞተሩና ኩሽኔታዎቹ ውኃ ይገባባቸዋል። በኃይል የሚመታ ውኃ ጭቃውን ኩሽኔታው ውስጥ ስለሚነዳው፣ ጎማው ላይ የነበረው ቆሻሻ ታጥቦ ሳይሆን ወደ ውስጥ ተገፍቶ ይቀራል። በባልዲ ውኃና በቀለም ብሩሽ ይጠበው። ባትሪው አስቀድሞ መውጣት አለበት።

ከታጠበ በኋላ መኪናውን አራግፎ ነፋስ ባለበት ቦታ ያድርቀው። ጎማዎቹን ፈትቶ በስላሹ ላይ 5 በ11 ሚሊ ሜትር የሆኑትን የጎማ ኩሽኔታዎች በጣቱ ያሽከርክራቸው፤ የሚንኳኳ ወይም የሚሻክር ካለ አጥቦ ጠብታ ቀጭን ዘይት ያድርግበት፣ ካልተሻለው ይቀይረው። ሞተሩ ባለ ካርቦን ከሆነ ከውኃ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት በዝግታ ያሽከርክረው፣ ዘንጉ ላይም ጠብታ ዘይት ይጨምር። በመጨረሻ እያንዳንዱን ጎማ ጆሮው አጠገብ ይነቅንቀው፤ ውኃ ሲንቦጫረቅ ከተሰማ በቸርኬው ቀዳዳ ገብቶ ውስጡ ያለውን ስፖንጅ አርሶታል ማለት ነውና ቀዳዳው ወደ ታች እንዲሆን አድርጎ እስኪደርቅ ያቁመው፤ ረጥቦ ከተነዳ ሚዛኑ ስለሚዛባ ገና የጸዱትን ኩሽኔታዎች ይጎዳል።