ዘይቱ ከስብከቱ በፊት ወይስ በኋላ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ያለን የወጣቶች ኅብረት ነን። በየወሩ አንድ ቅዳሜ ለ15 ችግረኛ ቤተሰቦች 5 ኪሎ ዱቄትና 1 ሊትር ዘይት እናድላለን። መጀመሪያ 40 ደቂቃ ስብከት አለ፤ እደላው ከዚያ ይቀጥላል። ሰዎቹ ግን ዱቄቱን ይዘው ከሄዱ እሑድ ብቅ አይሉም። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ “ወንጌሉን ትታችሁ የእርዳታ ድርጅት ሆናችሁ” ይሉናል። ከእኛ ግማሾቹ ደግሞ ስብከቱ ይቅር ባዮች ናቸው። ማን ነው ትክክል?

መልስ፦ ሽማግሌው የሰጉበትም እናንተ ያፈራችሁበትም ምክንያት አለው። ስብከቱን ወይም ዱቄቱን በመቀነስ ግን አይፈታም፤ ያበላሸው አንዱን ለሌላው መግቢያ ትኬት ማድረጋችሁ ነው። ዱቄት ልትወስድ የመጣች እናት 40 ደቂቃ ስትቀመጥ ወረፋ ጠበቀች እንጂ ስብከት ሰማች አይባልም። ሠፈሩም “በዘይት ሃይማኖት ያስቀይራሉ” ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እምነቱም ደግነቱም አብረው ይረክሳሉ።

ክርክሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1964 ዓ.ም.፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ ሳሉ፣ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። የእሷ ቅሬታ ከሽማግሌያችሁ ጋር ይቀራረባል፦ የውጭ ረጂዎች ለልማት ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለወንጌል ሥራ ሲሆን ግን እጃቸው ያጥራል። ደብዳቤው የጠየቀው ልማቱ እንዲቀር አልነበረም። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት እንዳይከፈል ነበር። ኤፌሶን 2ም ድነት በጸጋ መሆኑን በተናገረበት ትንፋሽ፣ ቁጥር 10 ላይ፣ ለመልካም ሥራ መፈጠራችንን ይጨምራል። ያዕቆብ የነቀፈውም የተራበውን “እሳት ሙቁ፣ ጥገቡ” ብሎ በባዶ እጁ የሚሸኘውን ነው።

ስለዚህ ቀኑን ለዩ። ቅዳሜ እደላ ብቻ ይሁን፤ የወንጌል ፕሮግራማችሁ በሌላ ቀን፣ በግልጽ በተለጠፈ ማስታወቂያ ይካሄድ። “ከየት ናችሁ?” ለሚል ሁሉ የቤተ ክርስቲያናችሁን ስም ሳትሸሽጉ ተናገሩ፤ መደበቅም ማታለል ነው። ስትሰናበቱ “እንጸልይልዎ?” ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። “አይ፣ ይቅር” ካሉ ግን ዱቄቱን አስቀምጣችሁ፣ ፊታችሁን ሳታጠቁሩ ውጡ።

አሁን ወደ ኪሎው እንምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ኅብረቶች ይሳሳታሉ። በምግብ እርዳታ አሠራር ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ ያህል እህል ይታሰባል። 5 ኪሎ ዱቄት ለ5 ሰው ቤተሰብ የሁለት ቀን ነው ማለት ነው። የእናንተ የወሩ እደላ ጠቅላላ 75 ኪሎ ነው፤ አንድ 5 ሰው ያለበት ቤተሰብ በወር የሚፈልገውን ያህል። ለ15 ቤት ሲበተን ለፎቶ ያምራል፤ ችግር ግን አይነቀንቅም። ብትጠይቁን፣ ለሦስት ቤት በየወሩ 25 25 ኪሎ አድርጋችሁ ለሦስት ወር ያህል ያዟቸው እንላለን፦ ባሏ ከፋብሪካ የተቀነሰባት አራስ፣ ቤት የሚያስተዳድራቸው ሰው የሞተባቸው፣ አልጋ የያዘ በሽተኛ የሚያስታምሙ። ሦስት ወር ሥራ ለመፈለግም ሆነ ዘመድ ለማሰባሰብ ፋታ ይሰጣል።

መራጩ ማን ይሁን? ኅብረቱ ብቻውን ከመረጠ ጓደኛ ለጓደኛ ይሆናል። በሐዋርያት ሥራ 6 የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ መበለቶች በዕለት ምግብ እደላ ሲዘለሉ ጉርምርምታ የተነሳው በዚሁ ነው፤ መፍትሔውም በመልካም የተመሰከረላቸው ሰባት ሰዎችን ለሥራው መመደብ ሆነ። እናንተም የሠፈሩን እድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ አማክሩ። ቤት ለቤት ችግሩን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ እምነትም አይለዩም።

ዝርዝሩን ቸል አትበሉ። ሽሮ ከጨመራችሁ ቅቤ እንዳይነካው፤ ለጾመኛ ቤት የማይገባ ስጦታ ትዝብት ነው። ሥጋ ፈጽሞ አትውሰዱ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱ የሌላውን እርድ አይበላም። ዘይቱን በ20 ሊትር ጀሪካን ገዝታችሁ እደጅ ላይ በጆግ መቅዳትም ይቅር፤ ይፈሳል፣ “የእሷ በዛ” የሚል ጭቅጭቅም ይነሳል። ከዋዜማው በጠርሙስ ሙሉት። ሰዎቹንም አታሰልፉ፤ ማታ ማታ እቤታቸው አድርሱ። ሊፍት በሌለው ሕንፃ 25 ኪሎ ተሸክሞ 4ኛ ፎቅ መውጣት ለእናንተ ለወጣቶቹ ነው የሚቀለው።

ጥያቄ፦ እደላውን ቀርጸን ቲክቶክ ላይ እንለቃለን። “ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ” ተብሏልና ምን ችግር አለው?

መልስ፦ በዚያው በተራራው ስብከት፣ አንድ ምዕራፍ አለፍ ብሎ፣ ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ ይላል። የጆንያውን ክምር፣ የሚያሽጉትን እጆች፣ የግዢውን ደረሰኝ ቅረጹ። የተቀባዩን ፊት ተዉት። “ፈቅደዋል እኮ” እንዳትሉን፤ ዱቄቱ እጃችሁ ላይ እያለ የተጠየቀ ፈቃድ ፈቃድ አይባልም። የግድ ካስፈለገ ከሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ ይጠይቅ። ሕፃን ግን በምንም መልኩ አይቀረጽ። ይልቅ በየወሩ መጨረሻ ገቢ፣ ወጪና ቀሪውን በቴሌግራም አውጡ። ያንን የሚያይ ወጣት ከሙዚቃ ጋር ከተቀናበረ እንባ ይልቅ በእናንተ ላይ እምነት ይጥላል።

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነጻ ማጠናከሪያ ልንጀምር ነው። የኦርቶዶክስም የሙስሊምም ልጆች ይመጣሉ። በመዝሙር ብንጀምርስ?

መልስ፦ አትጀምሩ። ወላጅ ልጁን የላከው ለሒሳብ ነው። ልጆችን በራስ እምነት ማሳደግ የወላጅ መብት መሆኑን ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 27 ደንግጓል። አዘጋጁ ማን እንደሆነና ምን እንደሚሰጥ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ወላጅን አስፈርሙ። ልጁ ራሱ ስለ እምነታችሁ ከጠየቀ በአጭሩ መልሱለት፤ መጠየቁን ለወላጁም ንገሩ።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ለአንድ አስተማሪ ከ10 ልጅ አይብለጥ። በሩ ክፍት ይሁን፤ ሁለት አዋቂ ሳይኖር ክፍል አይከፈት። እንዲህ ያለውን ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚገድለው የአስተማሪዎቹ የራሳቸው የዩኒቨርሲቲ ፈተና ነው፤ ከልጆቹ ፈተና ጋር ይገጥምና ሁሉም ባንዴ ይጠፋሉ። ለእያንዳንዱ ትምህርት ሁለት ሰው መድቡ፤ ሁለት ሰው ያላገኛችሁለትን ትምህርት ለዚህ ዓመት ተዉት።