ጠዋት የሚያኮርፈው ኤክስካቫተር፦ የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በጅቡቲ በኩል የገባ ያገለገለ ባለ 20 ቶን ኤክስካቫተር ገዝቼ በኮምቦልቻና በሐርቡ አካባቢ ለአሸዋና ለድንጋይ ሥራ አከራየዋለሁ። ሐምሌ ከገባ ወዲህ ጠዋት ሲነሳ ሞኒተሩ ላይ የግንኙነት ስህተት የሚል ምልክት ይመጣል፤ ሞተሩ ይነሳል፣ ነገር ግን ኦፕሬተሩ ጋዙን ቢያዞረውም ዙሩ አይጨምርም። ረፋድ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይስተካከላል። ያየው ባለሙያ የሞተሩ ኮምፒውተር ስለተቃጠለ ይቀየር ብሎኛል። ዋጋው የሚቀመስ አይደለምና ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ኮምፒውተሩን ለጊዜው አይግዙ። የተቃጠለ ኮምፒውተር ፀሐይ ስለሞቀው አይድንም። በውስጡ ብየዳው ተሰንጥቆ ሲሞቅ የሚመለስ ኮምፒውተር አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ይሁን እንጂ በዝናብ መጥቶ ሲደርቅ የሚሄድ ብልሽት በቅድሚያ የሚያስጠረጥረው እርጥበት የሚደርስባቸውን ሶኬቶች፣ ሽቦዎችና የማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት መስመር) ማሰሪያዎች ነው።

እንደ እርስዎ ባለ ማሽን ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን የሚመራ፣ የሃይድሮሊክ ፓምፑን የሚመራ እንዲሁም ሞኒተሩ ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ይኖራል። እነዚህ እርስ በርስ የሚነጋገሩት አንድ ላይ በተጠማዘዙ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ሲሆን፣ ዘዴው ካን ይባላል፤ የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ በ1986 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ነው፤ ብዙ ከባድ ማሽኖች የሚጠቀሙበት ጄ1939 የተባለው ደንብም በእርሱ ላይ የተመሠረተ ነው። በብዙ ማሽኖች የጋዙ ማዞሪያ ከሞተሩ ጋር በቀጥታ አይገናኝም፤ ትእዛዙ መጀመሪያ ወደ ፓምፑ ኮምፒውተር ይሄድና ከዚያ በሁለቱ ሽቦዎች በኩል ለሞተሩ ይደርሳል። መስመሩ ሲቋረጥ ሞተሩ ትእዛዝ ስለማይደርሰው በዝቅተኛ ዙር ይቀራል። እርስዎ የገለጹት ምልክት ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል።

የስህተት ቁጥሩን ሲያስነብቡ ማን ማንን እንደከሰሰ ይመልከቱ። በጄ1939 ደንብ የስህተቱን ዓይነት ከሚነግሩት ቁጥሮች ኤፍኤምአይ 9 የሚለው የሚጠበቀው መልእክት በጊዜው አልደረሰም ማለት ብቻ ነው፤ መልእክቱን ያልላከው ወገን ተቃጥሏል አይልም። ሞኒተሩም ፓምፑም ሞተሩን ብቻ የሚከሱ ከሆነ፣ ችግሩ ወደ ሞተሩ ኮምፒውተር በሚሄደው ቅርንጫፍ፣ በመብራቱ (ኮምፒውተሩን በሚመግበው ኤሌክትሪክ) ወይም በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ ይፈለጋል። ሁሉም ሁሉንም የሚከስ ከሆነ ግን የታወከው ዋናው መስመር ነው።

ምርመራው መደረግ ያለበት ዝናብ ባደረበት ጠዋት፣ ምልክቱ ሞኒተሩ ላይ እያለ ነው። ከቀትር በኋላ የመጣ ባለሙያ ሁሉንም ደህና ሆኖ ስለሚያገኘው፣ ሳይወድ በግድ ወደ ግምት ይገባል፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ውድ በሆነው ዕቃ ላይ ነው።

መጀመሪያ መብራቱን ይመርምሩ፤ መብራት ያልደረሰው ኮምፒውተር ዝም ስለሚል ጎረቤቶቹ ግንኙነት ተቋረጠ ይላሉ። በተከታታይ የታሰሩት ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በአንድነት 25 ቮልት ገደማ፣ ሞተሩ ሲሠራ 28 ቮልት ገደማ ሊያሳዩ ይገባል። ቀጥሎ ቁልፉ ተከፍቶ ሳለ የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ኮምፒውተር ማሳ ላይ አድርገው ይለኩ። ንባቡ ከዜሮ ብዙም መራቅ የለበትም፤ ወደ ግማሽ ቮልት ከተጠጋ ማሳው የታሰረበት ቦታ ዝጓል ወይም ላልቷል ማለት ስለሆነ፣ ቡሎኑን ፈትቶ ብረቱ እስኪያበራ ፍቆ መልሶ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ይህ ደህና ከሆነ ወደ ሁለቱ ሽቦዎች ይለፉ። ቁልፉን ዘግተው፣ ባትሪውን ነቅለው፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መጠን) በመልቲሜትሩ ይለኩ። ክቡ ባለ 9 ፒን የምርመራ ሶኬት ካለው የሚለካው በሲ እና በዲ ፒኖች መካከል ነው። በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ መዝጊያዎች (የመስመሩን ጫፍ የሚዘጉ ሬዚስተሮች) ስላሉ ጤነኛው ንባብ 60 ኦም ገደማ ነው። 120 ካነበበ ወይ ሽቦው አንድ ቦታ ተበጥሷል ወይ አንደኛው መዝጊያ የለም፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል፤ 40 ገደማ ከሆነ ደግሞ የማይገባ ሦስተኛ መዝጊያ ተጨምሯል። መዝጊያው ከኮምፒውተሮቹ በአንዱ ውስጥ በተሠራባቸው ማሽኖች ላይ ያንን ኮምፒውተር ሲነቅሉ 120 ማየት ብልሽት ስላልሆነ፣ የማሽኑን የሽቦ ሥዕል አጠገብዎ ያድርጉ። ከዚያ ባትሪውን መልሰው ቁልፉን ሲከፍቱ እያንዳንዱ ሽቦ ከማሳ ጋር ሲለካ 2.5 ቮልት አካባቢ ይሆናል፤ አንደኛው ጥቂት ከፍ፣ ሌላኛው ጥቂት ዝቅ ይላል። አንደኛው ዜሮ ወይም 24 ቮልት ካሳየ ከማሳ ወይም ከመብራት ሽቦ ጋር ተገናኝቷል።

ቦታውን ለማግኘት ምልክቱ እያለ ሶኬቶቹን አንድ በአንድ እየነቀሉ ንባቡ የሚለወጥበትን ይጠብቁ። ነቅለው ሲያዩ ፒኑ አረንጓዴ ሻጋታ የመሰለ ነገር ከያዘ፣ የጎማ ማሸጊያው ከሌለ ወይም የሴቷ ፒን ተከፍታ ወንዱን ካልጨበጠች ጥፋተኛው ተገኝቷል። ከካቢኑ ወለል ሥር፣ ከባትሪው ሳጥንና ከፓምፑ አጠገብ ያሉትን ያስቀድሙ፤ ሽቦው ብረት እየፈተገው የሚያልፍባቸውን ቦታዎችና አይጥ የቀረጠፈችውንም አይለፉ። ማሽኑ በቅርቡ ላቫጆ ገብቶ በኃይለኛ ውሃ ታጥቦ እንደሆነም ኦፕሬተሩን ይጠይቁት፤ የክረምቱን ጥፋት ያህል ይህም ያጠፋል። ባለሙያው የሽቦውን ልባስ በመርፌ ወግቶ እንዲለካ ግን አይፍቀዱ፤ የመርፌው ቀዳዳ ለሚቀጥለው ክረምት የውሃ መግቢያ ነው። የተቆረጠ ሽቦ ሲቀጠልም በእጅ ጠምዝዞ ፕላስተር መጠቅለል ስለማይበቃ፣ በተገቢው መቀጠያ ተጨፍልቆ፣ ሙጫ ባለው በሙቀት በሚኮማተር ቱቦ መሸፈንና የሁለቱ ሽቦዎች መጠማዘዝ እንደነበረ መመለስ አለበት።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ፣ መብራትና ማሳ እየደረሰው ኮምፒውተሩ አሁንም ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ እርሱን መጠርጠር ተገቢ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ከሌላ ማሽን ተነቅሎ ሲመጣም ቁጥሩና በውስጡ ያለው ፕሮግራም ከማሽንዎ ጋር መግጠሙን ሳያረጋግጡ ብር አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ እኔ ገና ልገዛ ነው። ደላላው ማሽኑን አስነስቶ ያሳየኛል፤ እንዲህ ያለ ችግር እንደሌለበት በአንድ ቀን ማወቅ ይቻላል? (ከወልዲያ)

መልስ፦ ሙሉ በሙሉ አይቻልም፤ ግን ብዙ ማየት ይቻላል። ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀዎ ሌላ ቀን ይመለሱ፤ መታየት ያለበት አድሮ በቀዘቀዘ ሞተር ነው። የስህተት መዝገቡ ባዶ ሆኖ ካገኙት ደስ አይበልዎ፤ በዋዜማው ተሰርዞ ሊሆን ስለሚችል ቡሙን (ትልቁን ክንድ) እና ባልዲውን አሠርተው፣ ካቢኑን ግራና ቀኝ አዙረው እንደገና ያስነብቡ። ሞተሩ እየሠራ የሽቦውን እሽግ በእጅ ነቅነቅ ማድረግና፣ ከዚያ ሞተሩን አጥፍቶ ባትሪውን ነቅሎ 60 ኦሙን መለካት ጊዜ አይፈጅም፤ ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ምክንያት አለው።

ባልዲው ወይም ቡሙ በቅርቡ የተበየደ ከሆነ ደግሞ ሲበየድ ባትሪውና የኮምፒውተሮቹ ሶኬቶች ተነቅለው እንደነበር፣ የብየዳው ማሳም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ተይዞ እንደነበር ይጠይቁ። አልተነቀለም ካሉዎ የብየዳው ኤሌክትሪክ በኮምፒውተሮቹ በኩል አልፎ ሊሆን ስለሚችል፣ ዋጋውን ሲደራደሩ የአንድ ኮምፒውተር ዋጋ ቀንሰው ይነሡ።