«ይጠገናል» ብዬ የጻፍኩት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ጀማሪ ባልደረባዬ «ጋሼ፣ በእንግሊዝኛ ሪፖርት ስጽፍ ቴንስ፣ የግሱ ጊዜ፣ ይምታታብኛል፤ ምን ይሻለኛል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቶሎ መመለስ አቃተኝ። ሐሳቤ ወደ 1991 ዓ.ም. ሄደ።

ያኔ የገጠር ውሃ ሥራ ላይ ነበርኩ። ወሎ ውስጥ አንዲት ቀበሌ የተበላሸ የእጅ ፓምፕ ለማየት ሄድኩ። አፍሪዴቭ የሚባለው ዓይነት ነው። የውስጥ ጎማው አልቆ እጀታው በባዶ ይወርዳል። አንዲት እናት ጀሪካናቸውን ይዘው ቆመዋል። «ልጄ፣ መቼ ነው የሚሠራው?» አሉኝ። «በዚህ ወር ይጠገናል» አልኳቸው። ከልቤ ነበር።

ማታ በኩራዝ ሪፖርቱን ጻፍኩ። በልቤ «ፓምፑ በዚህ ወር ይጠገናል» እያልኩ፣ እጄ በእንግሊዝኛ «ዘ ፓምፕ ኢዝ ሪፔርድ ዚስ መንዝ» ብሎ አሰፈረ። ነገን የምታሳየው «ዊል ቢ» ቀረች። ሪፖርቱን ያነበበው ፈረንጅ ፓምፑ ተጠግኗል ብሎ ተረዳ። መለዋወጫው ለሌላ ቀበሌ ሄደ። እኔም ወደ ሌላ ወረዳ ተላክሁ።

ከአራት ወር በኋላ ወደዚያው ልመለስ ስል ቅጂውን አውጥቼ አነበብኩት። ክው አልኩ። ቀበሌዋ ስደርስ እጀታው በሽቦ ታስሯል። እኚያን እናት ከወንዝ ሲመለሱ አገኘኋቸው፤ ጀሪካኑን አዝለው ጎንበስ ብለዋል። «ይጠገናል ብለኸኝ አልነበር?» አሉኝ። «ዕቃው ዘግይቶ ነው» አልኳቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እያወቅሁ ዋሸኋቸው። ፓምፑ በኋላ ተጠገነ። እውነቱን ግን ሳልነግራቸው ቀረሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስህተቱ የመጣው ከአማርኛችን ነው። «ይጠገናል» ስንል ዘወትር የሚሆነውንም ነገ የሚሆነውንም በአንድ ቃል እንይዛለን። ካፌ ውስጥ አስተናጋጁን ስንጠራው ገና ሳይነሳ «መጣሁ!» ይለናል፤ ማንም ግራ አይጋባም። «እመጣለሁ አለ» የሚለውን ደግሞ «ሂ ሴይድ አይ ዊል ካም» ብለን እንጽፋለን። እንግሊዙ የሚመጣው ጸሐፊው ራሱ ይመስለዋል። «ሂ ሴይድ ሂ ዉድ ካም» ነው የሚባለው።

ሰዋስው መሸምደድ ብዙ አይጠቅምም እላለሁ። ግን በልጅነታችን መምህራችን በአለንጋ ጠረጴዛውን እየመቱ «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ያስባሉን ነበር፤ ያ ዜማ ዛሬም ስጽፍ ይመጣልኛል። ስለዚህ ሸምድዱ፤ ምን አለበት። የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ ጽሑፋችሁን ግን ለስልኩ ሰጥታችሁ «አርምልኝ» ትላላችሁ፤ መልሳችሁ አታነቡትም። ስልኩ ፊደል ያርማል። ፓምፑ ይጠገን አይጠገን ከየት ያውቃል? እዚያ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔ ከዚያ ወዲህ በእርሳስ በየዓረፍተ ነገሩ ዳር «ትናንት»፣ «ዛሬ»፣ «ነገ» ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ ግሱን ከዳሩ ቃል ጋር አስተያያለሁ። ጉብኝቱን በ«ቪዚትድ» ከጀመርኩ «ፋውንድ» እላለሁ እንጂ ወደ «ፋይንድ» አልዘልም። የጉድጓዱ ጥልቀት 40 ሜትር ከሆነ ግን ዛሬም ያው ነውና በ«ኢዝ» ይቆያል። አንድ ዓይነት ቴንስ ይኑር ማለት ሁሉን ነገር በኃላፊ ጊዜ መጻፍ አይደለም።

አንቺ የጠየቅሽኝ ልጅ፣ የላክሽልኝን ሪፖርት አነበብኩት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ «ዘ ትሬኒንግ ኢዝ ጊቭን ቱ ዘ ፓምፕ ኬርቴከርስ» ይላል። ስልጠናው ተሰጥቷል ወይስ ይሰጣል? ወደ ለጋሹ ሳትልኪው ዛሬውኑ ደውይልኝ።